ደጅሽ ላይ ለቆሙት ሽማግሌ

መጋቢት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.
ጎጆ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የበልግ ዝናብ ሲጀምር እንደሚቆረጥምሽ አውቃለሁና፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለውን ዳገት ቅርጫት ተሸክመሽ አትውጪው፤ እባክሽ ለሰው አሸክሚ። የጎረቤቶቹን ሁሉ ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ ዕድሜ ለጸሎትሽ ደኅና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚደፍረኝ የለም።

ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ልለምንሽ። ይህን ወረቀት ያደረሱልሽ ሽማግሌ አሁን ደጅሽ ላይ ቆመው ይሆናል። ግቡ ካልተባሉ የማይገቡ፣ ተቀመጡ ካልተባሉ የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ወንበር ስጪያቸው። ሌላ ምንም አላስቸግርሽም፤ ወንበር ብቻ። ከዚያ ወደ ንባብሽ ተመለሽ። እንደ ልማድሽ ጣትሽን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሽ ቀስ በይ፤ በመሠረተ ትምህርት በስተርጅና ፊደል የለየ ሰው አይቸኩልም፤ እሳቸውም አይቸኩሉም።

ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ለመስቀል ነበር። ደኅና ነኝ፣ ገበሬ አስተምራለሁ፣ አበቃ። ቅር እንዳለሽ ይገባኛል። በፖስታ የሚሄድ ነገር ሌላ ዓይን ያየዋል ብዬ ነው። ይህ ግን በታመነ እጅ ስለሚደርስሽ፣ ድሮ ከገበያ ስትመለሺ እግርሽን እያጠብኩ እንደማወራሽ አድርጌ ሁሉንም ልንገርሽ።

ሥራዬ ማስተማር አልነበረም፤ ማሳመን ነበር።

ከጎጆ ከተማ ወደ ላይ ግማሽ ቀን ሲሄዱ ቡርቃ የሚባል አገር አለ። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በጉ ከሰው የሚበዛበት ደጋ ነው። ቤቶቹ ከእጅ እንዳመለጠ ጥሬ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ተበትነዋል። ጠዋት ጭጋጉ ሲወርድ ሁሉም ይጠፉና ከባዶ ሜዳ ጭስ ብቻ ሲወጣ ታያለሽ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ያንን እያየሁ ለምን እንደመጣሁ ረሳሁ። እውነቱን ልንገርሽና እስካሁንም አንዳንድ ቀን እረሳለሁ።

የተላክሁት እነዚያን ቤቶች ከዳገቱ አስነስቼ፣ ከታች ሜዳው ላይ በገመድ ተለክቶ በተቀየሰው አዲስ መንደር እንዲሰለፉ ለማድረግ ነው። አለቃዬ ጓድ ማዕረግ ይባላል፤ አምቦ ላይ ያሠለጠነንም እሱ ነው። ሰውን አትግፉት፣ የተገፋ ሰው ይመለሳል፤ ራሱ ያሰበው አስመስሉት ይለን ነበር። ትልቁን ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ትንሹን ጠይቁ፤ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት የጎረቤቱን እጅ ያያልና መጀመሪያ የሚያነሣውን አዘጋጁ። ጓደኞቼ ይህን ሁሉ በደብተር ሲገለብጡ እኔ ፈገግ እል ነበር። ምክንያቱም ትምህርቱን ከቅቤ ቅርጫትሽ ሥር ተቀምጬ ጨርሼዋለሁ። አንቺ ገዢ ለምነሽ አታውቂም። እጅዎን ያምጡት እስቲ፣ መቅመስ አያስከፍልም ትያለሽ፤ ጥፍር የምታህል ቅቤ ከእጁ ጀርባ ላይ ጣል ታደርጊለታለሽ። የቀመሰ ሰው ባዶ እጁን መሄድ ያፍራል። ጓድ ማዕረግ አንቺን ቢያገኝሽ ኖሮ ደመወዙን ላንቺ ይለቅ ነበር።

እንዲህ ሆኜ፣ ብልጥ መስሎኝ፣ ቡርቃ ገባሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ውኃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ክሊኒኩ ተናገርኩ። ቶሌ፣ ቶሌ እያሉ እሺ አሉኝ። የተስማማችሁ እጃችሁን አንሡ ብል ሁሉም አነሡ፤ አንዲት አሮጊት እንዲያውም ሁለቱንም አነሡልኝ። አጨበጨቡ። እኔም መቶ በመቶ ተስማምተዋል ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ከዚያ ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም ተከተለ፤ ከአንድ ጣሪያ ላይ አንዲት ሰበዝ የነካ የለም። አንድ በአንድ መንገድ ላይ እያገኘሁ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ዓይነት ነበር። እኔስ መሄዱን አልፈልግም ነበር፤ ግን አገሩ ሁሉ እጁን ሲያነሣ ጊዜ እኔ ማን ነኝ ብዬ ይላሉ። ይህን ያላለኝ ሰው አልነበረም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቱፋ ቀልደኛ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝና፣ አንተ የቆጠርከው እጅ ነው፤ እዚህ አገር የሚታየው የአንድ ሰው እግር ነው አለኝ። ኦቦ ኩምሳ ካልተነሡ ከቡርቃ ዶሮም አትነሣም አለኝ።

ልብ አላልኳቸውም እንጂ ኦቦ ኩምሳ በስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አላነሡም፣ አልተቃወሙምም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይሰሙኝ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ዘመን አልፏል፤ ልጅ አልቆየላቸውም። ቤታቸው ዙሪያ ባሉት ዛፎች ሁሉ ላይ ቀፎ ሰቅለዋል። ሰው ገብሱን ከመዝራቱ በፊት፣ ልጁን ከመዳሩ በፊት እሳቸው ደጅ ይሄዳል። የሚናገሩት ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ ሆነ ሥራዬ። የተቀቀለ ድንች በጨው ያቀርቡልኛል፤ ስለ ከብት፣ ስለ ንብ፣ ስለ ዝናብ ያወሩኛል። ስለ መንደሩ ስጀምር አያቋርጡኝም፤ ስጨርስ እስቲ እንደገና ንገረኝ ይሉኛል። እኔም እንደገና እነግራቸዋለሁ፤ በየጊዜው አንድ ነገር እጨምራለሁ። አምፖሉን ጨመርኩ፣ ደወሉን ጨመርኩ፣ ከቧንቧው አጠገብ የሚበቅለውን ሣር ሳይቀር ጨመርኩ። እያወራሁ ሳለሁ ቤቶቹ ተሠርተው፣ መስኮቶቻቸው በርተው ይታዩኝ ጀመር። እናቴ፣ ከቡርቃ ሰው ሁሉ አስቀድሜ ያሳመንኩት ራሴን ነው። አትሳቂብኝ።

ቀስ በቀስም ትንሹን ጠየቅኩ። ለመሰብሰቢያው አንድ ቋሚ እንጨት ብለምናቸው ሰጡኝ። ቦታውን ብቻ ይዩልኝ ብላቸው ወርደው አዩልኝ፤ በምርኩዛቸው ተደግፈው ሣሩን አመሰገኑ። ከእጅዎ ጀርባ ቅቤው አርፏል አልኩ በሆዴ። በማግሥቱ ትልቁን ነገር ጠየቅኳቸው። ፈገግ ብለው፣ ልጅ ያለው ሰው ለልጁ ብሎ ይነቀላል፤ እኔ ከዚህ የምነቀለው ለማን ብዬ ነው አሉኝ።

መልሱን ያመጣው ቱፋ ነው፤ ያውም በቀልድ። እንግዲያው ልጅ ሁናቸዋ አለኝ። በአገሩ የቆየ ሥርዓት አለ፤ አንቺም ከእናትሽ ሰምተሽው ይሆናል። ልጅ የሌለው ሽማግሌ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባል፤ የጠባው ሰው የጡት ልጁ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ልጅ የለመነውን አባት አይነፍግም። ይህን ለጓድ ማዕረግ ብነግረው ጭኑን መታ። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አታገኘውም፤ ጥባና ጠይቅ አለኝ።

እኔም ሄጄ አባት ይሁኑኝ አልኳቸው። ለሥራ ብዬ ነው፤ ካንቺ የምደብቀው የለኝም። መንገዱን ሁሉ ግን አንቺን ሳስብ ነው የሄድኩት። በዳዴ ሳለሁ የሞተውን አባቴን አላውቀውም፤ እናትም አባትም ሆነሽ አሳድገሽኛል፤ አሁን ካንቺ ላይ አንድ ነገር ሰርቄ የምሄድ መሰለኝ። ኦቦ ኩምሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። እናትህ ታውቃለች? ታውቃለች አልኳቸው።

በጥር ወር፣ ፀሐይዋ ገና ውርጩን ሳታቀልጥ፣ ቱፋና ሌሎች ሽማግሌዎች ባሉበት ተቀመጥን። ማሩ በእንጨት ገበቴ ቀረበ። እንደ መድኃኒት አፌ ላይ አድርጌው ለመጨረስ ነበር ሐሳቤ። ጣታቸውን ስቀበል መጀመሪያ ማሩ ጣፈጠኝ፤ ቀጥሎ ጭስ፣ ቀጥሎ አፈር፣ ከዚያ የተሰነጠቀው ቆዳቸው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸውና ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዞሩልኝ። እሳቸው ራሴን ይዘው ኢልማ ኮ አሉኝ። ልጄ ብሎ የጠራኝ ወንድ እስከዚያች ቀን አልነበረም።

እንግዲህ በሳምንቱ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። እሳቸው ዘንድ አድር ጀመር፤ ሌሊት በግድግዳው በኩል የንቦቹ ድምፅ ይሰማል፤ የበግ ለምዱ ይሞቃል። አንድ ቀን እጄን ይዘው ከቤታቸው ጎን ወዳለው ገላጣ ወሰዱኝና፣ ቤትህን የምትሠራው እዚህ ነው፤ ደጁ በዚህ በኩል ይሁን፤ የጠዋት ፀሐይ እንዲህ ነው የምታገኝህ ብለው ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። እኔ ልጠይቃቸው የመጣሁት ይህንኑ እንዲያፈርሱ ነው። አባት ለልጁ የሰጠውን መሬት፣ ልጁ ተነሥቶ ተወው እንዴት ይለዋል? ጓድ ማዕረግ በሰው በሰው አለቀ ወይ እያለ ይልክብኛል፤ እኔ ነገ እላለሁ። ነገም ይመጣና በድንቹና በጭጋጉ መካከል ያልፋል። ያ ሁሉ የማሳመን ንግግር ከአፌ ጠፋ። ልናገር ብሞክር ገለባ የማኝክ ይመስለኝ ነበር። ያልተሠራው ቤቴ ግን በየሌሊቱ ይታየኛል፤ ደጁ ወደ ፀሐይ የዞረ፣ አንቺ መድረኩ ላይ ተቀምጠሽ።

መጋቢት ሲገባ ቆረጥኩ። የቡርቃ ሰው መሄድ አይፈልግም፤ ያነሣው እጅ የይሉኝታ ነው፤ እኔም ከእንግዲህ ይህን ሥራ አልሠራም ብዬ ጻፍኩና ይዤ ወደ ጎጆ ወረድኩ። ለኦቦ ኩምሳ የት እንደምሄድ አልነገርኳቸውም። ጓድ ማዕረግ አምቦ ሄዶ ስለነበር እስኪመለስ ጠበቅኩት። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። አልጮኸብኝም። ይህ ስለ ቡርቃ አይደለም፣ ስላንተ ነው አለኝ፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ወደ ላይ የተመለስኩት ጠዋት ነው፤ ጭጋግ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ከላይ አንድ ጣሪያ ሲወርድ አየሁ። ጣሪያ ብቻ፤ የተሸከሙት ሰዎች ወገባቸው ድረስ በጭጋጉ ተውጠዋል። ከኋላው ሌላ ጣሪያ መጣ፣ ሌላም። ምሰሶዎች ቆመው ሲሄዱ አየሁ። የሚያወራ ሰው የለም፤ የሚሰማው እግርና ትንፋሽ ብቻ ነው። ሕልም መሰለኝና መንገድ ለቅቄላቸው ቆምኩ። ከዚያ ያ ሁሉ ወደየት እንደሚወርድ ገባኝና ሮጥኩ።

ከኦቦ ኩምሳ ቤት የቀረው ክቡ መደብና ሦስቱ ጉልቻ ነበር፤ አመዱ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም። እሳቸው ጉልቻው ላይ ተቀምጠዋል። ለካ እኔ ጎጆ ስጠብቅ ቱፋ ሄዶ ነግሯቸዋል፤ ቡርቃ ካልተነሣ ልጅዎ ይታሠራል ብሏቸዋል። በዚያው ሌሊት ተነሥተው ጣሪያቸውን በገዛ እጃቸው ማፍረስ ጀመሩ። ጎረቤት ሲነጋ አየ፤ ያም የራሱን አፈረሰ፤ ሌላውም እሱን አይቶ። ለምን አልጠበቁኝም ብዬ ጮኽኩባቸው። አባት ላይ መጮኽ ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። ልጁ አፍ አውጥቶ እስኪለምነው የሚጠብቅ ምን አባት ነው አሉኝ። እኔም ለምን ሄጄ እንደነበርና በወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩትን ነገርኳቸው። ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ለእኔ ብለው አፈረሱ፣ እኔ ለእሳቸው ብዬ እንዳይፈርስ ጻፍኩ። ከሁለታችን አንዳችን አስቀድመን ብንናገር ኖሮ ቡርቃ ዛሬም እዚያው ዳገቱ ላይ ነበረ። ንቦቹ ግን አልወረዱም። ቀፎዎቹን ሜዳው ላይ ብንሰቅላቸውም ባዶ ናቸው።

በአዲሱ መንደር ምርቃት ዕለት ከአምቦ እንግዶች መጡ። ጓድ ማዕረግ መድረክ ላይ አውጥቶ አርአያ ብሎ አሞገሰኝ፤ ተጨበጨበልኝ። ከፊት ተቀምጠው ከሚያጨበጭቡት አንዱ አባቴ ነበሩ፤ ሰው ሲያጨበጭብ አይተው። ከመድረኩ ስወርድ ጓድ ማዕረግ ጎኔ መጥቶ፣ ያን ወረቀትህን ውሰደው፣ ቡርቃ ተነሥቷል፣ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያድነኝ ፈልጎ ነው። እጄን ግን አልዘረጋሁም። ያ ቤት በውዴታ እንዳልፈረሰ የሚናገር ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም፤ እሱን መልሼ እንዴት ልውሰደው?

ስለዚህ ለሥራ ወደ ሰሜን ተመድቤያለሁ። መኪናው ነገ ይነሣል። ለጥቂት ጊዜ ነው ብለውኛል። አምቦ ሳልደርስ መሄዴን ይቅር በይኝ፤ ፈቃድ ለምኜ ነበር። የተሰጠን መለዮ ልብስ ይሰፋኛል፤ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

አሁን ገብቶሻል፤ ለነገሩ ከመጀመሪያው ሳይገባሽ አልቀረም። ወንበርሽ ላይ የተቀመጡት ኦቦ ኩምሳ ናቸው። እንጨታቸው አርጅቶ ኖሮ ሲወርድ ተሰባበረ፤ የተረፈውን ቋሚ ለጎደለበት ለቱፋ ሰጡትና አዲሱ መንደር ውስጥ ቤት የሌላቸው እሳቸው ብቻ ሆኑ። እዚያው ቱፋ ዘንድ ይቆዩ ብላቸው እምቢ አሉ። አንቺ እንደማታውቂ ተናዝዤላቸዋለሁ። አልተቆጡኝም፤ የሰው ልጅ እናቱን ሳልጠይቅ ወሰድኩ ማለት ነው፣ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ብቻ አሉ። ከድሮው ቀፎ የቀረችውን ማር በቅል አድርገው ጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። ካልጠየቅሻቸው አያወጧትም። በኦሮምኛ አነጋግሪያቸው፤ አማርኛቸው ቶሎ ያልቃል። ከምንጭ የቀዳሽውን የአምቦ ውኃ ደግሞ ሳታስጠነቅቂ እንዳትሰጫቸው፤ የሚፈላ ውኃ ጠጥተው ስለማያውቁ ይደነግጣሉ።

ሌላ ምንም አላስቸግርሽም ብዬ ነበር የጀመርኩት። ወንበሩን ሰጥተሻቸዋል። ይህን ስታነቢ ግን ሳይመሽ አይቀርም፤ በምሽት ደግሞ ወደ ጎጆ የሚሄድ መኪና የለም። እግራቸው ብዙ ተጉዟልና ለብ ያለ ውኃ ያስፈልገዋል። አልጋዬም ባዶ ነው። አየሽ፣ ከእጅሽ ጀርባ ጥፍር የምታህል ጣል አድርጌ ነው የመጣሁት፤ ካንቺ ሌላ ያስተማረኝ የለም። ትልቁ ልመናዬ ይኸው ነው። እስክመለስ ከአንቺ ዘንድ ይቆዩ። ብዘገይም ይቆዩ። አንቺ ማታ ማታ ቅቤውን ስታነጥሪ የምታነጋግሪው ሰው አይጣሽ፤ እሳቸውም ኢልማ ኮ የሚሉት ቢያጡ፣ ስለ እሱ የሚያወሩለት ሰው አይጡ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ቅቤሽ ገበያ አይጣ፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ፤ ልመናውን ባልሰማሁ የምትይበት ቀን አይምጣብሽ። ለእኔ አትስጊ፤ ሁለት ሰው የሚጸልይለት ልጅ የት ይወድቃል?

በቃ፣ አሁን ወረቀቱን እጠፊውና ቀና በይ። ከገቡ ጀምሮ ፊትሽን እያዩ ነው፤ ምን እንደምትያቸው እየጠበቁ።

ነጋቲ፣ ሃርሜ ኮ፤ ደኅና ሁኚ፣ እናቴ።

የሁለታችሁ ልጅ